ኮምፒዩተሩን ማን አበራው? ራሱን በራሱ የሚያበራ ኮምፒዩተርን ስለ መመርመር

(ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ የአደባባይ ገለጻ በጽሑፍ የተዘጋጀ)

የዛሬው ርእሴ ተራ ይመስላል፤ ማንም ሳይነካው ራሱን ስለሚያበራ ኮምፒዩተር ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ይሆናል። ማታ ዘግታችሁት የሄዳችሁት ኮምፒዩተር ጠዋት በርቶ ይጠብቃችኋል። አንዱ ቫይረስ ነው ይላል፤ ሌላው ሰው ገብቶ ነው ይላል፤ የሚያማትብም አይጠፋም። ርእሱን የመረጥሁት እኔ ራሴ በዚህ ጉዳይ ላይ ከባድ ስሕተት ሠርቼ ስለማውቅ ነው። ስለዚህ ከስሕተቴ ልጀምር።

ከዓመታት በፊት በዚሁ በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የፈተና ወረቀት የሚዘጋጅበት ኮምፒዩተር ነበር። በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ጠዋት በርቶ ተገኘ። የክፍሉ ቁልፍ የሚያድረው በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር፤ በዕድሜ የገፉ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። ፈተናው ሾልኮ ይሆናል የሚል ሥጋት ስለተነሣ ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮምፒዩተር ዕውቀት አለው ተብዬ አንዱ አባል እኔ ሆንሁ።

የኮምፒዩተሩን የክስተት መዝገብ ከፈትን። በመዝገቡ መሠረት ኮምፒዩተሩ ሦስቱንም ጊዜ የተነሣው 12 ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ገደማ ላይ ነው። ቀኑ ግን ከብዙ ዓመታት በፊት ያለፈ ቀን ነው፤ ያውም በሦስቱም ጊዜ አንድ ቀን። ከአባላቱ አንዱ «12 ሰዓት ማለት ጎሕ ሲቀድ፣ ጥበቃዎች ተራ የሚለዋወጡበት ሰዓት ነው» አለ። ሌላው «ቀኑን የለወጠው ዱካውን ለማጥፋት ነው» አለ። እኔም ተስማማሁ። ሰውየውን ጠርተን ስንጠይቃቸው «በመስኮት ብርሃኑን አየዋለሁ እንጂ መሣሪያውን ነክቼው አላውቅም» አሉ። ከሦስታችን አንዳችንም «ብርሃኑን ያዩት መቼ መቼ ነው?» ብለን አልጠየቅናቸውም። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ከሥራቸው እንዲታገዱ የሚል ቃለ ጉባኤ ጻፍን። ሦስተኛው ፊርማ የእኔ ነው።

ታሪኩን እዚህ ላይ ላቁመውና በኋላ እመለስበታለሁ። የሳትነው ምን እንደነበረ ለማየት አስቀድሞ «የጠፋ ኮምፒዩተር» የሚባለው ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል።

የጠፋ ኮምፒዩተር ሙሉ በሙሉ አልጠፋም

አምፖል ስናጠፋ ማጥፊያው የኤሌክትሪኩን መንገድ ይቆርጠዋል። የቀደሙት ኮምፒዩተሮችም እንዲሁ ነበሩ፤ ትልቁ ማብሪያና ማጥፊያቸው ከሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ራሱን ያቋርጥ ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን የማዘርቦርድና የፓወር ሰፕላይ ደረጃ ካወጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በዚህ ደረጃ በተሠራ ኮምፒዩተር ላይ የፊት ለፊቱ ቁልፍ ኃይል አይቆርጥም፤ ሥራው ከበር ደወል ጋር ይመሳሰላል። ሲጫኑት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችን ለቅጽበት ያገናኛል። ማዘርቦርዱም ደወሉን ሰምቶ ለፓወር ሰፕላዩ «ተነሣ» የሚል ምልክት ይልካል።

ደወሉን ለመስማት ደግሞ ነቅቶ የሚጠብቅ አካል መኖር አለበት። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ከሶኬት እስካልተነቀለ፣ ወይም ከኋላ ያለው የፓወር ሰፕላዩ ማጥፊያ እስካልተዘጋ ድረስ፣ ፓወር ሰፕላዩ ለማዘርቦርዱ 5 ቮልት የተጠባባቂ ኃይል ዘወትር ይሰጠዋል። በመደበኛው የሽቦ ቀለም ይህ ኃይል የሚያልፈው በሐምራዊው ሽቦ ነው፤ «ተነሣ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ በአረንጓዴው ነው። አረንጓዴው ሽቦ ወደ ዜሮ ቮልት ሲወርድ ፓወር ሰፕላዩ ሙሉ በሙሉ ይነሣል። ጠጋኞች ከኮምፒዩተሩ የወጣ ፓወር ሰፕላይ ሲፈትሹ አረንጓዴውን ከጥቁሩ ጋር በሽቦ የሚያገናኙት በዚህ ምክንያት ነው።

በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤሲፒአይ የተባለ ደረጃ ደግሞ ኃይሉን የማስተዳደሩን ሥራ ለስርዓተ ክወናው፣ ማለትም ለዊንዶውስና ለመሰሎቹ፣ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ «በርቷል» እና «ጠፍቷል» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ሌሎች ደረጃዎች ገብተዋል፤ ስሊፕ አለ፣ ሀይበርኔት አለ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዊንዶውስ 8 የመጣው ፈጣን መነሻም አለ። እርሱ ሲሠራ «ሸት ዳውን» ብለን የዘጋነው ኮምፒዩተር እንኳ የስርዓቱን እምብርት በዲስክ ላይ አስቀምጦ እንደ ሀይበርኔት ያድራል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የራሱ የሌሊት ዘብ አለው ማለት ነው። ትክክለኛው ጥያቄም «ማን ገባ?» ከሚለው በፊት «ዘቡን ማን ቀሰቀሰው?» የሚለው ነው። ሊቀሰቅሱት የሚችሉት ነገሮች ብዙ አይደሉም፤ በአምስት በሮች መድቤ ላቅርባቸው።

አምስቱ በሮች

የመጀመሪያው በር የመብራት ጠፍቶ መመለስ ነው። በባዮስ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ የሚወስን ምርጫ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መልሶች አሉት፤ «ጠፍተህ ቆይ»፣ «ተነሣ»፣ «ወደ ነበርህበት ተመለስ»። «ተነሣ» የሚለው ከተመረጠ፣ ኮምፒዩተሩን ማታ በሥርዓት ብንዘጋውም መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ይበራል።

ሁለተኛው በር ሰዓት ነው። በባዮስ ውስጥ ኮምፒዩተሩን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሣ ማንቂያ አለ፤ ይህ ሙሉ በሙሉ የተዘጋውንም ያስነሣል። ዊንዶውስ ውስጥ ያሉት የሰዓት ማንቂያዎች ግን የሚሠሩት በስሊፕ ወይም በሀይበርኔት ላይ ላለ ኮምፒዩተር ነው። በዊንዶውስ 10 የጥገና ሥራ የሚጀመርበት የተለመደው ሰዓት ከሌሊቱ 2፡00 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ሰዎች ደጋግመን እንሳሳታለን። በባዮስ ላይ «2፡00» ብሎ ማንቂያ የሞላ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት እንዲነሣለት አስቦ ይሆናል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ስድስት ሰዓት ቀድሞ በውድቅት ይነሣል። ሊኑክስ የጫናችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አስቡ። ሊኑክስ ብዙውን ጊዜ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ይይዘዋል፤ ዊንዶውስ ግን በአካባቢው ሰዓት። የእኛ ሰዓት ከመነሻው በሦስት ሰዓት ስለሚቀድም፣ ሁለቱ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሲኖሩ ማንቂያው በሦስት ሰዓት ሊዛነፍ ይችላል።

ሦስተኛው በር ኔትወርክ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የተፈጠረ አንድ ስልት አለ፤ በኔትወርክ ገመድ አንዲት አጭር መልእክት ልኮ የተኛን ኮምፒዩተር ማስነሣት ይቻላል። መልእክቷ 102 ባይት ናት። ስድስት ባይት የመክፈቻ ምልክት ይቀድማል፤ ከዚያ ባለስድስት ባይቱ የኔትወርክ ካርድ አድራሻ 16 ጊዜ ይደጋገማል። ብዙ ኮምፒዩተሮችን ለሚያስተዳድር ባለሙያ እጅግ ጠቃሚ ናት። ነገር ግን አንዳንድ የኔትወርክ ካርድ ከዚህች መልእክት ሌላ ተራ የኔትወርክ ጥሪ ሲደርሰውም እንዲነሣ ሆኖ ስለሚዘጋጅ፣ ያለ ማንም ፈቃድ ይነቃል።

አራተኛው በር ኪቦርድና ማውስ ናቸው። ኪቦርዱ ላይ የተጋደመ መጽሐፍ፣ ጠረጴዛ ሲነቃነቅ የሚንሸራተት ማውስ፣ በሌሊት የምትሯሯጥ አይጥ ይበቃሉ።

አምስተኛው በር የአካል ብልሽት ነው። የፊት ለፊቱ ቁልፍ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። በሽቦው ጫፍ ላይ አቧራና እርጥበት ተደባልቀው ኤሌክትሪክ ሊያሳልፉ ይችላሉ። አይጥ የሽቦውን ሽፋን ልትግጠው ትችላለች፤ ወይም ፓወር ሰፕላዩ አርጅቶ የተጠባባቂው ኃይል መዋዠቅ ሊጀምር ይችላል። ለማዘርቦርዱ ይህ ሁሉ ደወል ከመደወል አይለይም።

በሮቹን አንድ በአንድ ስለ መዝጋት

የምርመራው ሕግ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ውጤቱንም ጻፉ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን ከለወጣችሁ ችግሩ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንዳጠፋው አታውቁም፤ ያልታወቀ ምክንያት ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

በመጀመሪያ ምንም ሳትነኩ ጻፉ። በምን ሰዓት በርቶ ተገኘ? ማታ የተዘጋው እንዴት ነው? በሌሊቱ መብራት ጠፍቶ ነበር? የሚያሳየው ሰዓትና ቀን ትክክል ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ለምን እንዳልሆነ ወደ ታሪኬ ስመለስ ታዩታላችሁ።

ቀጥሎ ኮምፒዩተሩን ራሱን ጠይቁት። በዊንዶውስ ላይ «ፓወርሲኤፍጂ» የሚባል ትእዛዝ አለ። «ላስትዌክ» ከሚለው ቃል ጋር ሲሰጥ ኮምፒዩተሩን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ምን እንደሆነ ይናገራል፤ «ዌክታይመርስ» ከሚለው ጋር ደግሞ ተሞልተው የሚጠብቁ ማንቂያዎችን ይዘረዝራል። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው የሚናገረው ስለ እንቅልፍ እንጂ ሙሉ በሙሉ ስለተዘጋ ኮምፒዩተር አይደለም። ስለዚህ በቀጣዩ ማታ የሺፍትን ቁልፍ ይዛችሁ «ሸት ዳውን» በሉት፤ ያን ጊዜ ፈጣን መነሻው ታልፎ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ከዚህ በኋላ መነሣቱን ካቆመ ምክንያቱ በዊንዶውስ ውስጥ ያለ ማንቂያ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ መሣሪያ ነው።

ካላቆመ አንድ ሌሊት የኔትወርኩን ገመድ ነቅላችሁ እደሩ፤ በሌላው ሌሊት ኪቦርዱንና ማውሱን። ከዚያ ወደ ባዮስ ገብታችሁ የመብራት መመለስን ምርጫና የሰዓት ማንቂያውን ተመልከቱ። የመጀመሪያውን በር ለመፈተን ሌሊት መጠበቅም አያስፈልግም። ኮምፒዩተሩን ዝጉት፤ ከሶኬት ንቀሉት፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ቁልፉን ሳትነኩት ከተነሣ በሩን አግኝታችኋል።

ይህ ሁሉ ካልፈታው የአካል ብልሽት ፍለጋ ይጀምራል። ኮምፒዩተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ክፈቱትና ከፊት ለፊቱ ቁልፍ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደውን ትንሽ መሰኪያ አውጡት። መልሳችሁ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ እንዲሁ ይደር። መነሣቱን ካቆመ ጥፋተኛው ቁልፉ ወይም ሽቦው ነው። ካላቆመ በደኅና ፓወር ሰፕላይ ለውጣችሁ ሞክሩ፤ የቀረው ማዘርቦርዱ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰውን የሚጎዳ ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

የደጋው ጠባይ

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በስተ ምሥራቅ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይቆማል። ክረምታችን ነጎድጓዳምና ጭጋጋም ነው። ይህም ከአምስቱ በሮች ሁለቱን፣ የመብራት መመለስንና የእርጥበት ብልሽትን፣ በእኛ ዘንድ ከሌሎቹ ቀድመው እንዲጠረጠሩ ያደርጋል።

የመብራቱን ነገር ትንሽ ላብራራ። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ቮልቱ የሚዋዥቅባቸው ናቸው፤ በየቤቱ ያለው ምጣድና ማቀዝቀዣ ሁሉ በአንድ ጊዜ ኃይል ይስባልና። «ተነሣ» ተብሎ የተዘጋጀ ኮምፒዩተር ሥራ የሚጀምረው በዚያው በክፉው ሰዓት ነው። መብራቱ ደግሞ ተመልሶ ቢጠፋ ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ ይቋረጣል። የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ መንገድ ያጣ ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ለተራ ኮምፒዩተር «ጠፍተህ ቆይ» የሚለውን ምረጡ፤ «ወደ ነበርህበት ተመለስ» የሚለውን ዩፒኤስ ላለው ሰርቨር ብቻ አድርጉት። በነጎድጓድ ጊዜ ደግሞ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ።

መንቀል ግን የራሱ ዋጋ አለው። በማዘርቦርዱ ላይ 3 ቮልት የምትሰጥ፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች። ሰዓቱ እንዳይቆም፣ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይም የባዮስ ምርጫዎች እንዳይጠፉ የምታደርገው እርሷ ናት። ኮምፒዩተሩ ሶኬት ላይ ሲሆን የተጠባባቂው ኃይል ሥራዋን ያቀልላታል፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ገመዱ ሲነቀል ግን ሸክሙ በእርሷ ላይ ብቻ ይወድቃል። መብራት አዘውትሮ በሚጠፋበት አገር ይህች ባትሪ ቶሎ ታልቃለች። ስታልቅም ኮምፒዩተሩ አይቆምም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ብቻ ሁሉን ነገር ይረሳል። ሰዓቱ ወደ መጀመሪያው ቀን ይመለሳል፤ እኛ የመረጥነው ይሰረዝና ፋብሪካው የመረጠው ይተካል።

ወደ ቃለ ጉባኤው

አሁን ወደ ታሪኬ እመለሳለሁ። ቃለ ጉባኤውን ከፈረምን ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰውየውን ገበያ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰላምታ ሰጠኋቸውና ልቤ ስላላረፈ «ጋሼ፣ ያን ብርሃን የሚያዩት መቼ ነበር?» አልኋቸው። «ዶክተር፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነዋ፤ የግቢው አምፖል ሲበራ እርሱም አብሮ ይበራል» አሉኝ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ኮሚቴው አልጠየቃቸውም እንጂ መልሱ በእጃቸው ነበር።

በነጋታው ሄጄ ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ነቀልሁት፤ ቆይቼ ሰካሁት። ቁልፉን ሳልነካው ተነሣ። የሚያሳየው ቀን ያ በመዝገቡ ላይ ያየነው ያለፈ ቀን ነበር፤ ሰዓቱም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 12፡01፣ ማለትም የእኩለ ሌሊት መጀመሪያ። ባትሪዋን አውጥቼ ስለካት ሞታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ዜሮ ይመለስ ነበር፤ ፋብሪካው በዚያ ማዘርቦርድ ላይ የመረጠው ደግሞ «ተነሣ» የሚለውን ነበር። ስሕተት ቢያገኝም ሰው እስኪጫነው ሳይጠብቅ ወደ ሥራ የሚገባ ዓይነት ስለነበር ዊንዶውስን ከፍቶ በመዝገቡ ላይ ጻፈ። ጠዋት የክፍሉ ጸሐፊ ሰዓቱን በእጇ ታስተካክለው ነበር፤ የዘወትር ሥራዋ ስለሆነ ለማንም መንገር እንዳለባት አላሰበችም።

ስሕተታችንን ተመልከቱ። እኛ የነጋበት 12 ሰዓት ያልነው እኩለ ሌሊት ነበር፤ እርሱም እውነተኛ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ከዜሮ የጀመረ የሰዓት ቆጠራ ነበር። ዱካ ለማጥፋት የተለወጠ ያልነው ቀን ባትሪ ያለቀበት ማዘርቦርድ የሚያሳየው ቀን ነበር። ሦስቱ መዝገቦች አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ማሳየታቸው ራሱ ሊያነቃን ይገባ ነበር፤ ሰው በሦስት የተለያዩ ሌሊቶች በአንዲት ደቂቃ አይመላለስም። እኛ ግን አስቀድመን ሰው ጠርጥረን ስለነበር ማስረጃውን ሁሉ በእርሳቸው ላይ አነበብነው።

ቃለ ጉባኤው ተሰረዘ፤ ሰውየው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ያልተከፈላቸውም ተከፈላቸው። በሠራተኞቹ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ዶክተር፣ እግዜር ይይልዎ፤ ግን ሰው ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የምርመራ ዘዴ ትምህርት ከማንም አልተማርሁም።

ከታዳሚ የቀረበ ጥያቄ

ከተማሪዎቹ አንዷ «ዶክተር፣ ከሩቅ ያለ ሰው ኮምፒዩተሩን አስነሥቶ ፋይል ሊሰርቅ አይችልም ይሉናል?» ብላ ጠይቃኛለች። አይችልም አልልም። በኔትወርክ የማስነሻው መልእክት ብዙውን ጊዜ በዚያው በውስጥ ኔትወርክ ውስጥ የሚወሰን ነው፤ ማስነሣትና መግባትም የተለያዩ ናቸው፤ ለመግባት የይለፍ ቃል ወይም ሌላ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኔትወርኩን እንደ ሦስተኛ በር መርምሩ፤ የመግቢያ መዝገቡንም ለብቻ ተመልከቱ። መነሣቱ ብቻውን ግን ስርቆት ስለመፈጸሙ ማስረጃ አይሆንም። እኛ የተሳሳትነው ሁለቱን አንድ አድርገን ነው።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ በየወረዳው፣ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው የኮምፒዩተር ባለሙያ ትሆናላችሁ። «ኮምፒዩተሩ ምን አለ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ የምትሰጡት ቃል በሰው እንጀራ ላይ ይፈርዳል። የሳንቲም ያህል ባትሪ ሳትለኩ፣ በአጠገቡ ያደረውንም ሰው ሳትጠይቁ አትፈርሙ።